ፈተናውን የዘጋው ዱዓ

እንዲህም ሆኖ ሥራ ይገኛል፤ ስሙኝማ። ሥራ ፈትቼ እናቴ ቤት ስከርም፣ ከሚሴ አንድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ለማስተማር ለቃል ፈተና ተጠራሁ። ፈታኞቼ ርዕሰ መምህሩ፣ አንድ ኮስታራ የእንግሊዝኛ መምህርና የወላጆች ተወካዩ ሼህ አህመድ ናቸው።

መምህሩ «‹ሲ›፣ ‹ሉክ› እና ‹ዋች› ሁሉም ማየት ናቸው። ልዩነታቸውን አስረዳን» አለኝ።

«‹ሲ› ሳያስቡት ዓይን ውስጥ ሲገባ ነው፤ ‹ሉክ› ሆን ብሎ ዓይንን መላክ ነው» አልኩ። ‹ዋች› ላይ ስደርስ መልሱ ድርግም ብሎ ጠፋብኝ። ሦስቱም ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠብቁኛል። ሲጨንቀኝ ሁለት እጄን ዘርግቼ «ያ አላህ፣ አንተው ግለጥልኝ!» አልኩ።

ሼህ አህመድ ዱዓ የተጀመረ መሰላቸው። «አሚን!» ብለው የራሳቸውንም እጅ ዘረጉና ቀጠሉበት። ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለአገሩ ሰላም ለመኑ። «ይህንንም ልጅ ሥራውን ስጠው!» ሲሉ ሁላችንም «አሚን!» አልን፤ ፊታችንን አበስን። በእኛ አገር ዱዓ ከተደረገ ወሬው ሁሉ አለቀ ማለት ነው። ፈታኞቹ ተነሡ።

በር ላይ መምህሩን «‹ዋች›ን እኮ አልመለስኩም» አልኩት እየፈራሁ።

«ተወው ወንድሜ» አለኝ። «አሚን ብዬ እንዴት ልጣልህ?»