ስንቁን ማን በላው?

ልጅ ሳለሁ አዳማ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ አባባ ተረት የሚነግረን ያኔ ብቻ ነበርና። የማረሚያ ቤት ፖሊስ ነበር። የደንብ ልብሱን አውልቆ፣ የከሰል ምድጃውን ደጅ አውጥቶ በቆሎ እየጠበሰልን፣ የቀኑ ወበቅ በረድ ሲል፣ ፊቱ በፍሙ ብርሃን ግማሹ ብቻ እየታየ ያወራልን ነበር።

የእሱ ተረት ጅብም ቀበሮም የለበትም፤ ሁልጊዜም ያው አንዱ ነው። አንዲት እናት ለታሰረ ልጇ ከዓለም ጤና ከተማ ድረስ ስንቅ ታመላልሳለች። በረኛው «እማማ፣ መጀመሪያ ይቅመሱት» ይላታል፤ ቀምሳ ትሰጠዋለች። አንድ ቀን ልጁ ታሞ ይሞታል። እናትየው ሳትሰማ አገልግሏን ይዛ ትመጣለች። በረኛው ሊነግራት ይልና አንደበቱ ይታሰራል። «ደህና ነው እማማ፤ ይስጡኝ፣ አደርስለታለሁ» ይላታል። «ገለቶሚ፣ የኔ ልጅ» ብላ በኦሮምኛ አመስግና፣ መርቃው ትሄዳለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በሳምንቱ ትመለሳለች።»

«ስንቁን ማን በላው?» ስለው ፍሙን እየቆሰቆሰ ዝም ይላል። እማዬ ከውስጥ «ኧረ ልጆቹን አታስጨንቃቸው!» ትለዋለች።

እጁን አንስቶብን አያውቅም፤ ፓፓያ ሳይዝም ቤት አይገባም። ግን ያቀረበለት ሰው ሳይቀምስለት እህል አይጎርስም ነበር። እማዬ አንዳንዴ ምርር ሲላት «ሚስትህ ነኝ ወይስ ጠያቂ?» ትለው ነበር። እኛ እንስቅ ነበር፤ ምኑ እንዳሳቀን እንጃ።

እማዬ ካረፈች፣ እሱም ጡረታ ከወጣ ቆየ። አሁን አንዳንድ ቀን ስሜም ይጠፋዋል። ባለፈው ምሳውን ይዤለት ስመጣ የግቢው በር ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሳህኑን አየና «ይቅመሱት» አለኝ። አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ቀመስኩለት።

«ለማን ነው?»

«ለአባቴ» አልኩት።

ከንፈሩ ሊናገር ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ደህና ነው እማማ፤ ይስጡኝ፣ አደርስለታለሁ» አለኝ።

ምን ልበል? «ገለቶሚ፣ የኔ ልጅ» ብዬ ሰጠሁት።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስመለስ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በሁለት እጁ ይዞት፣ በሩን እያየ ነበር። ወጡ ቀዝቅዟል። ያኔ ስንቁን ማን እንደበላው ደጋግሜ ስጠይቀው ለምን ዝም ይለኝ እንደነበር የገባኝ ያን ዕለት ነው። ማንም አልበላውም።