የማይገጥመው አበባ

ቁጡ ሴት መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አሶሳ ገበያ አጠገብ ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ፣ ወረቀት የነከሰ ማሽን ስሰድብ የሰማ ደንበኛ እስክበርድ ድረስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የማይፈሩኝ ጎረቤቴ ብቻ ናቸው። ሰፈርተኛው ኻልቲ ይላቸዋል፤ በዓረብኛ አክስቴ ማለት ነው። በሰፈራችን የእሳቸውን ሂና ሳትቀባ የተዳረች ሙሽራ አላውቅም። ግን እርጅና መጣና እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የመጨረሻ ልጃቸው ሠርግ ሲቃረብ ሌላ ሴት እንድትስልላት ተወሰነ።

«የሰው ልጅ ሁሉ እኔ ሣልኩ፤ የኔን ልጅ ሰው ይስላል?» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛቸው። አንጀቴን በሉት።

ሱቄ ጓዳ ውስጥ፣ ለራሴ ደስታ ብዬ የገጣጠምኳት ትንሽ የሌዘር መቁረጫ አለችኝ። በትርፍ ሰዓቴ ከቀርከሃ የቁልፍ መያዣ እቆርጥባታለሁ። ኻልቲ ዱሮ ወረቀት ላይ የሣሉትን አበባ በስስ ፕላስቲክ ብቆርጠው፣ መዳፍ ላይ አስቀምጦ ሂናውን ከላይ መቀባት ነው፤ እጅ ቢንቀጠቀጥ ምን ያመጣል? ፕላስቲኩንም አገኘሁ፤ ባጃጅ የገጨኝ ጊዜ የተነሣሁት የእግሬ ራጅ። ያን ያህል አስለቅሶኝ በመጨረሻ ለቁም ነገር ሊውል ነው አልኩ።

ማሽኗ ግን አሻፈረኝ አለች። የሌዘሩ ራስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄድ ሰላም ነው፤ ወደ ግራና ቀኝ ሲሄድ ግን ያንቋርራል፣ አበባውም ዞሮ ከጀመረበት ቦታ አይገጥምም። ራሱን የሚጎትተውን ጥርሳም ቀበቶ ብወጥረው ከድጡ ወደ ማጡ። ባላላው ያው። ፍጥነቱን ብቀንስ ማንቋረሩ ረዘመ እንጂ አልቀረም። ራጁ ተቆራርጦ ቁርጭምጭሚቴ ብቻ ሲቀር እርር ድብን አልኩና፣ ለቆራሌው ነው የምሸጥሽ ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩት ኻልቲ የተከናነቡትን ቶብ ሰብስበው ወጡ።

ጀርባቸውን ሳይ ሆዴ ባባ። ቁጭ ብዬ አፍንጫዬን ወደ ማሽኗ ሳስጠጋ ሰሊጥ ሰሊጥ ሸተተኝ። የሌዘሩ ራስ የሚሄድበትን ሐዲድ በጣቴ ብዳብሰው እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ የቀርከሃው ጥላሸት ከዘይት ጋር ተቦክቶ የቀበቶውን ጥርስ ሁሉ ደፍኖታል። ኧረ የጉድ ነው! ለእንዲህ ያለች ማሽን የምግብ ዘይት ጠላቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ሱቁን የሚከፍቱልኝ ደግሞ ኻልቲ ናቸው። ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«እሱ አለቀሰ» አሉኝ። «እኔ ዘይት ሰጠሁ።»

እሳቸው ቤት ሕፃን ቢያለቅስ፣ ጉልበት ቢያም፣ በር ቢጮህ፣ ሂና ቢደርቅ መድኃኒቱ የሰሊጥ ዘይት ነው። ማሽኗ ባንቋረረች ቁጥር ጨመር አድርገውላታል። ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ለልጃቸው ሠርግ ሲሉ ማሽን እንደ ሕፃን ሲያሹ ታየኝና ሳቄ አመለጠኝ።

ቀበቶውን ፈትቼ ሐዲዱን በአልኮል ጠረግኩ። የቀበቶውን ጥርስ ለመፈግፈግ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሳመጣ ኻልቲ ነጠቁኝ። ለዚህ ሥራ የሚንቀጠቀጥ እጅ ይሻላል ብለው ቀለዱና ፈገፈጉት። ቀበቶውን በልኩ ወጥሬ አስነሣኋት። ጸጥ! በተረፈው የቁርጭምጭሚቴ ራጅ ላይ የዞረው አበባ ከጀመረበት ገጠመ።

የሂናው ቀን ፕላስቲኩን እኔ ያዝኩ፣ እሳቸው ቀቡ። ሂናው ደርቆ ሲነሣ ልጅቷ መዳፏን አየች። በታላላቅ እህቶቿ እጅ ላይ ያየችው ያው አበባ ነው፤ እንባዋ መጣ። ኻልቲ እንደ ልማዳቸው በላዩ ሊቀቡላት የሰሊጥ ዘይት ጠርሙሳቸውን አወጡና ቆም ብለው በጎን አዩኝ።

«ለዚህ ይቻላል?»

«ለዚህማ ያፍስሱት» አልኳቸው።

እጃቸው ተንቀጠቀጠና ግማሹ መዳፏ ላይ፣ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ እጇን አልሰበሰበችም፤ እኔም አልተቆጣሁም።