የወደቀ ሳነሣ ያለፈኝ ኳስ

የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች መሆን በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ የቀኝ ጉልበት፣ አንድ የፊት ጥርስ፣ ከእህቴ ጋር በግማሽ የያዝኩት የመርካቶ ጫማ ሱቅ እና አራት የኦሃዮ ዊንተር ነው። ልጃችሁ ረዥም ስለሆነ ብቻ አሜሪካን የምታስቡለት ካላችሁ፣ ቁመት ማስገባቱን ያስገባል፤ ማቆየቱ ላይ ግን አይታመንም።

ነገሩ የተጀመረው በአርባ ስምንት ቁጥር ጫማ ነው። ጋሽ ታምራት የሚባሉ ሰው፣ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ያለ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ ቡድን ረዳት አሠልጣኝ፣ ለዘመድ ጥየቃ መጥተው ሱቃችን ደጅ ቆሙ። የጠየቁኝን ያንን ቁጥር ከላይኛው መደርደሪያ ያለ መሰላል ሳወርድላቸው አዩኝ።

"ቁመትህ ስንት ነው?"

"እሱ አይሸጥም፣ ጋሼ።"

"ቅርጫት ኳስስ ትችላለህ?"

የመርካቶ ነጋዴ ዕቃው ባይኖረውም "አለ" ነው የሚለው፤ ገዢውን በወሬ ይዞ ከጎረቤት ሱቅ ያስመጣል። "እችላለሁ" አልኳቸው። ከዚያ ወረቀቱ እስኪያልቅ፣ ስምንት ወር ሙሉ በየማለዳው ሰፈር ሜዳ ላይ ችሎታውን ከጎረቤት ሱቅ ሳስመጣ ከረምኩ።

ለጉዞው ስንል የሱቅ ድርሻዬን ሸጥን። በሄድኩበት ምሽት እታለም፣ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት፣ ቦሌ በር ድረስ ሸኘችኝ። አላለቀሰችም። "ተመልሰህ የምትቆምበት ደጅ የለህም፣ እወቀው" አለችኝ። ቀጥላ ኮሌታዬን ልታስተካክል ጎንበስ አስደረገችኝና፣ "ብትመለስም አላባርርህም" አለች።

አሜሪካ ስደርስ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ቀና አለ፤ አልበቃውም፣ እንደገና ቀና አለ።

"ምን ልትሠራ መጣህ?"

"ፎርዋርድ ነኝ።"

ማኅተሙን መታልኝ። እዚህ አገር ሳያቅማማ ያመነኝ ባለሥልጣን እሱ ብቻ ነው፤ ስጫወት አላየኝማ።

ዋይንላንድ ፓርክ የሚባል ሰፈር ከሁለት የቡድን ጓደኞቼ ጋር አፓርትመንት ያዝን። አልጋዬ ጉልበቴ ላይ ያልቃል። የቤቱን ባለቤት ኮል አደረግኩት።

"አልጋው አጠረኝ።"

"የኪራይ ሊዙ ላይ የተጻፈው አንድ አልጋ ነው። ሙሉ ሰው ይይዛል የሚል የለበትም።"

አከበርኩት። እኔም ሱቅ ሆኜ እንዲህ ነበር የምመልሰው።

ምግቡን ተዉት። የእኛ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አላት፤ የካፍቴሪያው ዶሮ ከላይ እስከ ታች ደረት ናት። በምን እግሯ ትሄድ እንደነበር የነገረኝ የለም። ብርዱ ደግሞ መጀመሪያ ጆሮህን ይወስድና ሌላውን እንድታስረክብ ጊዜ ይሰጥሃል።

ጨዋታው ግን እንደፈራሁት አልሆነም። ፎርዋርድ ማለት ዋና ሥራው ቀለበቱን ነክቶ በተመለሰ ኳስ ላይ መሻማት ነው። የሰልባጅ ቦንዳ ሲፈታ ከእናቶች መሃል የቀኝ ጫማ ይዞ፣ ተመልሶም ግራውን ይዞ የወጣ ሰው፣ አምስት የኦሃዮ ልጅ አይከብደውም። ችግሬ ሌላ ነበር።

በመጀመሪያው ጨዋታ ኳሷን ይዤ ስወርድ አንዱ ተጋጣሚ ከክርኔ ጋር ተገናኝቶ ተዘረጋ። እኛ ዘንድ ሰው አጠገብህ ሲወድቅ አፍህ ሳታዘው "እኔን" ይላል፤ እጅህም ይከተላል። ኳሷን በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀመጥኩ፣ ልጁን ብብቱን ይዤ አነሣሁት፣ ጀርባውንም አራገፍኩለት። ጓደኛው ኳሷን ከእግሬ ሥር ወስዶ ሄዶ አገባ።

ኮቹ፣ ዋናው አሠልጣኝ ማለቴ ነው፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ጠራኝ።

"ምንድነው ያደረግኸው?"

"ወድቆ ነበር።"

"አይቻለሁ። ኳሱስ?"

"ኳሱ ምን ይሆናል? እሱ አልታመመም።"

ቤንች ላይ አስቀመጠኝ። ጋሽ ታምራት አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉ።

"ልጄ፣ እዚህ ፊሽካ ሳይነፋ የወደቀ ሰው የለም።"

"ጋሼ፣ አፌ ይቀድመኛል።"

"አፍህ ይበል። እግርህ ይሩጥ።"

ለመሮጥ ሞከርኩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ሰው አነሣሁ። አምስተኛውን ላነሣ ጎንበስ ስል ጉልበቱ ከአፌ ጋር ተጋጨ፤ ጥርሴ እዚያ ቀረ። ስድስተኛው "አትንካኝ" ብሎ ገፈተረኝ። የተመልካቹ ሳቅ ደግሞ በየጊዜው አብሮኝ አደገ።

ሦስተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል ኮቹ ቢሮው አስጠራኝ። "ዘጠኝ ቆጥሬያለሁ። አሥረኛውን ካነሣህ ስኮላርሺፕህን ሪኒው አላደርገውም።" ስኮላርሺፑ ከቆመ ትምህርቱ ቆመ፤ ትምህርቱ ከቆመ ቪዛው አለቀ። መርካቶ ደግሞ የምቆምበት ደጅ የለም።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ እኩል ለእኩል ሆኖ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ኳሷ እጄ ገባች። ሃያ ሁለት ቁጥር የለበሰው ልጅ ሊዘጋኝ መጥቶ እግሩ ታጠፈና ፊቴ ወደቀ፤ ቁርጭምጭሚቱን ይዟል። አፌ ጀመረ፤ ነክሼ ያዝኩት። በላዩ ተራመድኩና አገባሁ።

ተመልካቹ ተነሣ። ኮቹ ሊያቅፈኝ ዘለለ፤ የደረሰበትን አቀፈ። በማግሥቱ ስኮላርሺፔ ሪኒው ሆነ።

ጋሽ ታምራት ደስ ይበላት ብለው ቪዲዮውን በቴሌግራም ለእታለም ላኩላት። እሁድ ስደውልላት ሙገሳ ጠብቄ ነበር።

"አየሁህ" አለች።

"እንዴት ነው?"

"ልጁ ተነሣ?"

"የትኛው ልጅ?"

"የተራመድከው።"

ሰው መራመድ እኛ ቤት ነውር ነው፤ የተራመዱት ልጅ ይቀጭጫል ይባላል። "እታለም፣ እሱ ሁለት ሜትር ነው። ከዚህ በላይ ምን ያድጋል?" አልኳት።

አልሳቀችም። "እኔ የጠየቅኩህ ስለ ማደጉ አይደለም።"

እውነቱን ለመናገር ዞር ብዬም አላየሁም ነበር። ሁሉም ሲያቅፈኝ ቆይቼ ሜዳውን ስመለከት ልጁ የለም።

በአራተኛው ዓመት ከዚያው ቡድን ጋር ስንገናኝ ሃያ ሁለት ቁጥርን ሌላ ልጅ ለብሶታል። ስለ ቀድሞው ጠየቅኩት። ትከሻውን ነቀነቀ፤ "ሌላ ኮሌጅ ትራንስፈር ያደረገ መሰለኝ" አለኝ። ጉልበቴ የሄደውም በዚያው ሰሞን ነው፤ ያውም በጨዋታ ሳይሆን ከቡድኑ አውቶቡስ ስወርድ በረዶ አንሸራትቶኝ። ወገቤ ጋ የምትደርስ አንዲት አሮጊት "ኦ ሃኒ" እያለች እጄን ይዛ ልታነሣኝ ታገለች። ለካ እዚህም ያነሣሉ፤ ከሜዳ ውጭ ነው እንጂ።

ዲግሪዬን ያዝኩ፣ ትዳርም ያዝኩ። ዛሬ ኮሎምበስ አጠገብ፣ ዋይትሆል ውስጥ ትልልቅ ቁጥር ጫማ እሸጣለሁ፤ ሥራው ደህና ነው፣ እግር እዚህ አገር ያድጋል። ልጄ ኳስ እንዴት እንደሚያዝ ላሳየው ስነሣ "ዳድ፣ ዩር ኒ" ይለኛል፣ ጉልበትህን ማለቱ ነው፤ ቁጭ እላለሁ።

እታለም ጋ አሁንም በየእሁዱ እደውላለሁ። ስለ ጤናዬ ጠይቃ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቃ፣ ስልኩን ልንዘጋ ስንል "ስለዚያ ልጅ ሰማህ ወይ?" ትላለች።

"አልሰማሁም፣ እታለም።"

"እሺ። ደህና ሁን።"

በአራት ዓመት ያስቆጠርኩት አርባ አንድ ነጥብ ነው። ያነሣሁት ሰው ዘጠኝ። ያላነሣሁት አንድ።