ቢላዋው እስኪደርስ

ወንድሜ ካሱ ላንቴ በሚባል ቀበሌ ሙዝ አምራች ነው። ስለ ሙዙ የሚጠይቀኝ ሰው ግን የለም። ከተማ ውስጥ ሲቀላ የሚባለው ገበያ ላይ የምሸጥበት ቦታ መጥተው "ያ ጅግራ የሚያባርረው ሰውዬ ወንድምሽ ነው አይደል?" ነው የሚሉኝ። ነው፤ ምን አደርጋለሁ። ሃምሳን ያለፈ፣ ሁለት ሴት ልጆች የወለደ፣ በሰንበቴው ማኅበር ሙሴ ተብሎ መሪነት የተሾመ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ቢላዋ ይዞ በእርሻ መሀል ይሮጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅግራ በመንጋ መጥታ አዲስ የተዘራ በቆሎ እየጫረች ትለቅማለች። ሌላው ገበሬ ቆርቆሮ እየደበደበ ያባርራታል። የእኛ ቤት ግን ከአባታችን ጊዜ ጀምሮ በወንጭፍ ያድናታል፤ ለዚያውም ሁለት ሰው ሆኖ። አንዱ ይወነጭፋል፣ ሌላው ቢላዋ ይዞ ይሮጣል። ሯጩ ምን ያደርጋል ለሚለኝ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ በድንጋይ ተመትታ የሞተች ወፍ በክት ናት፣ አትበላም። ነፍሷ ሳትወጣ ተደርሶባት፣ ስመ ሥላሴ ተጠርቶ መታረድ አለባት። ድንጋዩ ሲወረወር ስም ከተጠራበት ይበቃል የሚሉ አሉ። አባታችን ይህን ሲሰማ ፊቱን ያዞር ነበር፣ ካሱም ያው ነው።

የሚያርደው ደግሞ ወንድ ነው። በእኛ ዘንድ ሴት ወፍ አታርድም፤ ለምን ብዬ ጠይቄ የሚያጠግብ መልስ አግኝቼ አላውቅም። ስለዚህ ወንጫፊው ማንም ይሁን ማን፣ ሯጩ ወንድ መሆን ነበረበት። ከዶርዜ ወርደን ላንቴ ስንሰፍር አባታችን ይወነጭፍ ነበር፣ ካሱ ይሮጥ ነበር። አሯሯጡን ያየ ሰው አይረሳውም። ወፏ ገና መሬት ሳትነካ እሱ መንገድ ላይ ነበር።

አባታችን ሲያርፍ ወንጭፉ ወራሽ አጣ። ካሱ መሮጥ እንጂ መወንጨፍ አይሆንለትም፤ የሱ ድንጋይ የት እንደሚያርፍ እግዜር ነው የሚያውቀው። የመጀመሪያ ልጁ ፌቨን ሰባት ዓመት ሲሞላት ከሐሬ ወንዝ ዳር እንቁላል የሚያህል ክብ ክብ ድንጋይ አስለቀማት። ከዚያ የወደቀ የሙዝ ግንድ አቁሞ አስወነጨፋት። ወንጭፉ በእንሰት ቃጫ የተገመደ ነው፤ አባታችን ራሱ የሠራው። የካሱ ባለቤት ፋንታዬ እየሳቀች፣ "ባል ስትመርጪም በድንጋይ ነው አሉ" ትላት ነበር። ልጅቷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ግንዱን ትደበድባለች።

ከወንጭፉ ጋር ሕጉንም አስተማራት። በጾም አይወጣም። ጫጩት የምትመራ ጅግራ አትመታም። አጠገባችን ወዳለው ብሔራዊ ፓርክ በኩል ድንጋይ አይነሳም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቢላዋ ሳይደርስላት የሞተች ወፍ ነፍሷ በከንቱ የጠፋ ነውና፣ ቢላዋው መድረስ ካልቻለ አይወነጨፍም። ይህንን በየቅዳሜው ነበር የሚደግምላት።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት አንድ ጠዋት አየኋት። ቀጭን ናት፣ ክንዷ የሸንኮራ አገዳ ያህላል። ወንጭፉ ከራሷ በላይ አንዴ ዞረ፣ ሁለተኛው ላይ ድንጋዩ ሄደ፤ ከመንጋው መሀል አንዷ ጭንቅላቷን ተመትታ ተዘረረች። ካሱ ተፈተለከ። ሲመለስ ወፏን በአንድ እጁ፣ ሳቁን በፊቱ ሙሉ ይዞ ነበር። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ሲመጡ ሳይ፣ ዶሮ በሲቀላ ገበያ ሞልቶ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን የሚለው ጥያቄዬ ከአፌ ጠፋ።

ከዚያ የጉልበቱ ጉዳት መጣ። ካሱ ሙዝ አይሱዙ ላይ ሲጭን ተንሸራቶ ወደቀና ቀኝ ጉልበቱ እንደ ድሮው መሆን እንቢ አለ። መሄድ ይሄዳል፣ መሮጥ ግን አይሆንለትም። እሱ ግን መሮጡን አልተወም። ፌቨን እንደ ልማዷ ጭንቅላት ትመታለች፣ እሱ እያነከሰ ይደርሳል፣ ወፏ ሞታ ትጠብቀዋለች። ይህ ሁለት ጊዜ ሆነ። ሁለቱንም ጊዜ መቆፈሪያ አምጥቶ ሙዝ ሥር ቀበራት። በሁለተኛው ጊዜ አፈሩን እየረገጠ ፌቨን እየሰማች፣ "አንድ ጊዜ ከተደገመ ወንጭፉን እሰቅላለሁ። እኔ በከንቱ ነፍስ አላጠፋም" አለ።

ከዚያ ወዲህ ግን አልተደገመም። ካሱ የቱንም ያህል ቢዘገይ ወፏን በሕይወት ያገኛታል። የሚደሰት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ከቅዳሜ ቅዳሜ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

ጥቅምት ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ማለዳ ላንቴ ሄጄ በረንዳው ላይ ቢላዋ ሲስል አገኘሁት።

"ዛሬ የመጨረሻችን ነው" አለኝ ቀና ሳይል።

"ምን ሆንክ ጋሼ? ሌላ ሞተች?"

"ብትሞትስ በተሻለ። ልጅቷ ልቧ ሄዷል። ድሮ ጭንቅላት የምትመታ ልጅ፣ አሁን ነካ አድርጋ ነው የምትለቃት። ወፏ መሬት ለመሬት ስትንደፋደፍ እኔ ከኋላ ስንቀዋለል እታያለሁ። ትልቅ ሆናለች፣ ጓደኞች አሏት። ለእኔ ብላ ነው የምትመጣው፤ እንዳይከፋኝ። ዛሬ ስንመለስ እሰቅለውና ቅዳሜዋን እመልስላታለሁ።"

ይህን ሲል ድምፁ የተሰበረ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ቅዳሜን የሚጠብቅ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ከፌቨን ጋር የሚያወሩት ሁሉ የሚወራው እርሻው ላይ ነው፤ ቤት ሲገቡ ሁለቱም ዝምተኛ ናቸው።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ቅዳሜ ስመጣ ጅግራዋን ነጭቼ በብልት በብልቷ የማወጣው እኔ ነኝ፤ ፋንታዬ እንግዳን ማሠራት አትፈራም። እና ባለፉት ቅዳሜዎች የነጨኋቸው ጅግራዎች ሁሉ ቀኝ ክንፋቸው የተሰበረ ነበር። የመጀመሪያዋን ዝም ብዬ አለፍኳት። ሁለተኛዋ ላይ አጋጣሚ ነው አልኩ። ሦስተኛዋ ላይ እጄ ራሱ ወደዚያ ቦታ ሄደ፤ ከመገጣጠሚያው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ እዚያው። ለካሱ አልነገርኩትም፤ መጀመሪያ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። "ዛሬ እኔም እሄዳለሁ" አልኩት።

አራት ሆነን ወጣን። ትንሿ ኖላዊት፣ የስምንት ዓመቷ፣ ድንጋዩን በቀሚሷ ታቅፋ ከፊት ትመራለች። ሣሩ ጤዛ ለብሶ ነበር፣ ከሙዙ ባሻገር የዓባያ ሐይቅ ውኃ ቀላ ብሎ ይታያል። ካሱ ቢላዋውን ይዞ በእርሻው ጠርዝ ከበቆሎው ወዲህ ተቀመጠ። እኛ ሦስታችን ከሙዙ ጥላ ሆነን ጠበቅን። ጅግራዎቹ እየተንጫጩ መጡ፣ ነጠብጣብ ለብሰው፣ አንገታቸውን እያሰገጉ።

እኔ ዓይኔን ከፌቨን ላይ አልነቀልኩም። ወንጭፉን ድንጋይ አጎረሰች። ከዚያ ወፎቹን አላየችም፤ አባቷን አየችው። የተዘረጋ እግሩን፣ ከዚያ በእሱና በመንጋው መካከል ያለውን መሬት፣ ከዚያ እንደገና እግሩን። ከንፈሯን ነከሰች። ከዚህ በኋላ ነው ወደ ወፎቹ የዞረችው። ወንጭፉ ጮኸ፣ አንዷ ጅግራ ስትሮጥ ሳለ ወደ ጎን ተሽከረከረች። ቀኝ ክንፏ ተንጠልጥሎ ነበር።

ጉማሬ ከውኃ ሲወጣ አይቻለሁ፣ አዞም አይቻለሁ፣ በዚህ አገር ኖሮ የማያይ የለም። እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየሁም። ወፏ እየሮጠች ነው፣ ክንፏ የእጄን መዳፍ አያህልም፣ ልጅቷ ደግሞ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት።

ካሱ እያነከሰ ደረሰ። ወፏ በክብ ትዞራለች፣ እሱም ይዞራል፤ በመጨረሻ በደረቱ ወድቆ ያዛት። "በስመ አብ" ያለው ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነው፤ ግማሹን ከምራቁ ጋር ዋጠው።

ቤት ስንደርስ ምስማርና መዶሻ አውጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ፌቨን ምን እንደሚያደርግ ስለገባት ወንጭፉን ከኋላዋ ደበቀች።

"አምጪው" አላት።

"ቆይ ጋሼ" አልኩ። ጅግራዋን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩና ክንፏን ዘረጋሁት። "እጅህን ስጠኝ። እዚህ ጋ ንካ።" ነካው። "ያለፈው ቅዳሜ ያረድካትም እዚሁ ነበር የተሰበረችው። ከዚያ በፊት የነበረችውም። ሁሉንም የነጨሁት እኔ ነኝ።"

ካሱ ክንፉን አገላብጦ ዳሰሰው። ከዚያ ልጁን ቀና ብሎ አያት።

"ጭንቅላት መምታት አቅቶሽ አይደለም ማለት ነው?"

ፌቨን ከኖላዊት ቀሚስ አንድ ድንጋይ አነሳች፣ ግቢውን በዓይኗ ቃኘች። በጓሮው ጫፍ ካለው ሙዝ ላይ፣ ከዘለላው በታች ሐምራዊው አበባ ተንጠልጥሎ ነበር። ወንጭፉ ዞረ፣ አበባው ከአንገቱ ተቆርጦ መሬት ወደቀ። "ያንን እኔም እመታዋለሁ" አለች ኖላዊት፣ ማንም አልሰማትም።

"ታዲያ ለምንድን ነው?" አለ ካሱ።

"አንተ እስክትደርስ ብዬ ነዋ፣ አባዬ።" ቃሉ ከአፏ የወጣው እንደ መናደድ ብላ ነው፤ እንዴት ይህ ይጠየቃል በሚል። "ጭንቅላቷን ከመታኋት ሞታ ታገኛታለህ። ሞታ ካገኘሃት ወንጭፉን ትሰቅላለህ።"

ፋንታዬ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም እንባዬን መያዝ አልቻልኩም፣ ለምን እዋሻለሁ። ይህች ልጅ በየቅዳሜው የአባቷን ጉልበት ስታሰላ፣ እሱ ሲነጫነጭባት፣ እጅሽ ደከመ ሲላት፣ አንድ ቀን እንኳ እውነቱን አልነገረችውም። ብትነግረው ኖሮ ዘገየህ ማለት ይሆንባት ነበር።

ካሱ መዶሻውን አስቀመጠ። አማርኛው ጠፋውና በጋሞኛ የሆነ ነገር አጉረመረመ፤ አባታችን ሲገረም የሚለውን ነው። ቀጥሎ ግን ወፏን አየና ፊቱ ተለወጠ። "እሷስ?" አለ። "እኔ እየተንፏቀቅሁ እስክደርስ ድረስ በተሰበረ ክንፍ የምትሠቃየው እሷስ? ይህ አይሆንም።" ፌቨን ዓይኗ ሞላ። ሁላችንም ያው ሊሰቅለው ነው ብለን ጠበቅን። እሱ ምስማሩን ኪሱ ከተተና ወደ ሙዙ ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቄን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ በማለዳ ደረስኩ። ካሱ ቀድሞን እርሻው ላይ ነበር። ጠርዝ ላይ አይደለም፤ ጅግራዎቹ የሚጭሩበት መሀል ላይ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ደረቅ የሙዝ ቅጠል ከአንገቱ እስከ እግሩ ለብሶ ተቀምጧል። ራሱና ቢላዋውን የያዘው እጁ ብቻ ይታያሉ። ፌቨን ስታየው ክው አለች።

"አባዬ፣ እዚያ ሆነህ እንዴት እወነጭፋለሁ? ድንጋዩ በራስህ አጠገብ ነው የሚያልፈው።"

"አውቃለሁ።"

"ብስትስ?"

"እስከ ዛሬ የምትስቺ መስሎኝ ነበር" አለ ካሱ። "አንዴም አልሳትሽም። ጭንቅላቷን ምቺ። እኔ እዚህ ነኝ፣ አልዘገይም።" ከዚያ ቅጠሉን ፊቱ ላይ ሳበው።

ተይ ልላት ፈልጌ ነበር። ሰውዬው አብዷል ልል ነበር። ጅግራዎቹ መጡ። መጀመሪያ ራቅ ብለው ቆሙ፣ ከዚያ ቅጠሉ ስላልተነቃነቀ ተጠጉ፣ አንዷ እግሩ አጠገብ መጫር ጀመረች። ፌቨን ወንጭፉን አነሳች። አባቷን አየችው። ዛሬ የምታሰላው ርቀት አልነበረም። ዓይኗን ወደ ወፏ መለሰች።

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ፤ ከዚያ አልቻልኩምና ገለጥኩት። የወንጭፉ ድምፅ በጆሮዬ አጠገብ አለፈ። ድንጋዩ ከካሱ ትከሻ አጠገብ ያለውን ደረቅ ቅጠል አንኮሻኩሾ ሄደ፤ ካሱ ንቅንቅ አላለም። ጅግራዋ ከጉልበቱ አጠገብ ተዘረረች። የቀሩት እየጮኹ ተበተኑ፣ ኖላዊት አጨበጨበች፣ ፌቨን ወንጭፉን ጥላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ካሱ ከተቀመጠበት ሳይነሳ እጁን ዘርግቶ ወፏን አቀፋት። ገና ትተነፍስ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ መሮጥ አላስፈለገውም። "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ" ሲል፣ ሳያለከልክ፣ አንድም ቃል ሳይውጥ፣ እስከ መጨረሻው ሰማነው።