መብቷን ጠብቃ

አክስቴ አባቴን ከሳዋለች። ይህን ስናገር ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው እሷን አያውቃትም ማለት ነው። አክስቴ ፍራሽ አዳሽ ናት፤ ከእጇ የጥጥ ብናኝ፣ ከአፏ መልስ አይጠፋም። ታላቅ ወንድሟ አባቴ ደግሞ አናጺ ነው፤ በግትርነት ቢበልጣት እንጂ አያንሳትም። ከአያቴ የወረሱትን ቤት ለሁለት ተካፍለው ይኖራሉ። የእሱ በር በታችኛው መንገድ ነው፣ የእሷ በላይኛው። የጓሮው ግቢ የጋራ ነው፤ ከእሷ ክፍል ወደዚያ የሚያወጣው ግን አንድ በር ብቻ ነው።

አባቴ ጣውላ የሚደረድርበት ቢጠበው ያንን በር ከውጭ በምስማር ቸነከረው። «ግቢው የኔ ነው» አለና አረፈው። ጥጥ ፀሐይ ካላገኘ ፍራሽ አይሆንም፤ መንገድ ዳር ብታሰጣው ደግሞ መኪና አቧራ ያለብሰዋል። የተዘጋባት በር ብቻ ሳይሆን እንጀራዋ ነበር። ለመነችው፣ ጮኸችበት፣ አኮረፈችው። ሰውዬው ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ከሰሰችው።

ክሱ ሊሰማ ሲቃረብ አባቴ ከሚሠራበት ጣሪያ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። እኔ ዳቦ ቤት ስለምውል ቀን ቀን የሚያስታምመው አልነበረም። አክስቴ ወሬውን እንደሰማች እኔን አስከትላ ፍርድ ቤት ሄደች። አጥሩ ሥር የሚውለው ማመልከቻ ጸሐፊ ምሥራች የነገራት መሰለው።

«እትዬ፣ እሱ ካልቀረበ በሌለበት ይታያል። ረቱ ማለት ነው!»

«ከባዶ ወንበር ጋር ልከራከር? ይልቅ ማቆሚያ የለውም?»

«ክሱን ማቋረጥ ይቻላል።»

«ማቋረጥ መተው ነው?»

«ከተዉት እዚያው ያበቃል። መብትዎ ተጠብቆ መዝገቡ እንዲዘጋ ካስፈቀዱ ግን በዚያው ጉዳይ ሌላ ቀን እንደ አዲስ መክሰስ ይችላሉ።»

አክስቴ ነገሩ ደስ አላት። ወንድሟን ልታስታምም፣ በሯንም ላትለቅ ነው። ፍርድ ቤቱም ፈቀደላት።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ሳስብ እስከዛሬ ይገርመኛል። በሩ ቢከፈት በጓሮ በኩል አባቴ አልጋ ጋ ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ይበቃታል። እሷ ግን የሾርባውን ድስት በፎጣ ጠቅልላ፣ ሰፈሩን ዞራ፣ በታችኛው መንገድ ትመጣለች። ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች። ጀርባው እንዳይቆስል ብላ አዲስ ፍራሽ ሰፍታለታለች። በመሀል በመሀል ትሰድበዋለች።

አንድ ቀን ዝናብ ደብድቧት ገባች። አባቴ አላስችል አለውና «ልጄ፣ ያንን ምስማር ንቀይላት» አለኝ።

«እንዳትነኪው!» ብላ ጮኸችብኝ። «ሲድን ይከራከረኛል፤ በፍርድ ይከፈታል። ማስታመሜን በበር አልሸጥም!»

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ቀን ሁለቱንም ጠላኋቸው። እሷን ግን እየጠላኋትም ኮራሁባት።

አባቴ በከዘራ መሄድ እንደጀመረ ክሷን እንደ አዲስ አስገባች። በቀጠሮው ዕለት ተከሳሹን ደግፋ የፍርድ ቤቱን ደረጃ ያወጣችው ከሳሿ ራሷ ናት። ዳኛዋ ክሱን አሰምተው ያምን እንደሆነ አባቴን ጠየቁት።

«አምናለሁ» አለ።

አክስቴ ብድግ አለች። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ስላስታመምኩት ነው! ይሉኝታ ይዞት ነው እንጂ አላመነም። ምስክሮቼ ይሰሙልኝ!»

ችሎቱ በሙሉ ሳቀ። ዳኛዋ ግን አልሳቁም። «እህትዎ ባያስታምሙዎት ኖሮስ ምን ይሉ ነበር?» አሉት።

አባቴ ከዘራውን ጨበጠ። «እክድ ነበር» አለ። «ግን አባታችን ግቢውን ለሁለታችን ሲሰጥ ቆሜ ሰምቻለሁ። በሩን ስቸነክረውም አውቅ ነበር። የእሷ ጥጥ ማስጣት ምን ሥራ ነው፣ ሥራ ማለት የኔ ነው ብዬ... ናቅኋት።»

አክስቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ድስት ተሸክማ ስትዞር ልትሰማው የፈለገችው ይህንን ነበር።

ተፈረደላት። ከሰዓት በኋላ አባቴ ጓሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ምስማሩን በገዛ እጁ መንቀል ጀመረ። እሷ በሩ ማዶ ክፍሏ ውስጥ ቆማ ትጠብቃለች። ጥቂት ሲቀረው እጁን ገታ አደረገና በስንጥቁ በኩል ጠራት።

«እህቴ፣ ቂም ይዘሽብኛል?»

ከውስጥ አፏን ወደ ስንጥቁ አስጠጋች።

«እሱንም አቋርጬዋለሁ» አለችው። «መብቴ ተጠብቆ።»