ማር የምታሳየውን ወፍ የጠራሁበት ቀን

ባጃጅ ቦንጋ በገባ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል። ከከተማው ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይቼ ለብቻዬ እኖር ነበር። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ጥሎኛል። የክፍል ጓደኞቼ ገሚሶቹ ጅማ፣ ገሚሶቹ ሚዛን ለትምህርት ሄደዋል። እኔ ግጥም ከምጽፍበት ደብተሬ ጋር ቀረሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያገኘሁትን እያነበብኩ፣ ቤት የሚመታውንና የማይመታውን በጆሮዬ እየለየሁ ነው የለመድኩት።

ቤት መቀመጥ አልችልም ነበር። ጠዋት ወጥቼ እስኪደክመኝ እሄዳለሁ፤ ሲደክመኝ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ወደ ላይ አያለሁ። ወፎችን ማየት የጀመርኩት እንደዚህ ነው። ሌላ የማየው አልነበረኝም።

ግጥሜን የሚሰማኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከቤቴ ጀርባ የሚኖሩ ቀፎ ሰቃይ ሽማግሌ። የማንኪራ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ሲሞቱባቸው ልጃቸው ዘንድ ቦንጋ ገብተው ቀሩ። አማርኛቸው እንደ ነገሩ ስለሆነ ግጥሙን እያነበብኩ በካፊኖኖ እተረጉምላቸዋለሁ። ጨርሼ ዝም ስል፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" ይሉኛል። "አለቀ ጋሼ" እላለሁ። "ገና ሳይጀምር?" ይላሉ። ከእሳቸው ሌላ እንደዚህ የሚያሾፍብኝም ሰው አልነበረኝም።

ማር የምታሳየውን ወፍ መጥራት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ትንሽ ወፍ ናት፣ መልኳ የአመድ፤ ስትበር ጅራቷ ዳርና ዳሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጫካ ውስጥ ንብ ያለበትን ዛፍ ታውቃለች፤ መክፈት ግን አትችልም። ስለዚህ ሰው ትጠራለች። ሰውየው ከፍቶ ማሩን ሲወስድ ሰፈፉን ትቶላት ይሄዳል። ሽማግሌው ደግሞ ራሳቸው ቀድመው ይጠሯታል፤ ምላሳቸውን ከላይኛው ጥርሳቸው አጣብቀው፣ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ድንገት ሽቅብ የሚሰበር ፉጨት አላቸው። እኔ ለመልመድ አንድ ክረምት ፈጀብኝ። ስለምደው፣

"ከጠራሃት ተከተላት" አሉኝ። "ከተከተልካት ድርሻዋን ስጣት። ማር ለማውጣት ካልሆነ ግን አፍህን ዝጋ።"

"ለልምምድስ?"

"ለልምምድ እኔን ጥራኝ።"

በዚያው ሰሞን ወጣቱ ሁሉ በማኅበር እየተደራጀ ነበር። ድንጋይ የሚፈልጡ፣ ዶሮ የሚያረቡ፣ ብሎኬት የሚያመርቱ። እኔም አስጎብኚ ልሁን ብዬ ቀበሌ ሄድኩ። የተቀመጠው ሠራተኛ ቅጹን አውጥቶ፣ "ስንት ናችሁ?" አለኝ።

"አንድ ነኝ።"

"አንድ ማኅበር አይሆንም። አሥር ሁኑና ኑ።"

"ለማስጎብኘት አሥር ሰው ምን ያደርጋል?"

"ለማስጎብኘት አይደለም" አለ፣ ቅጹን ወደ መሳቢያው እየመለሰ። "ለቅጹ ነው።"

አሥር ሰው ከየት አመጣለሁ? በዚያን ጊዜ በስሙ ጠርቼው "አቤት" የሚለኝ አምስት ሰው አልነበረም።

የካቲት ላይ ከአዲስ አበባ አንድ አስጎብኚ አራት ሽማግሌ ፈረንጆች ይዞ መጣ። ያረፉበት ሆቴል በር ላይ ጠብቄ አናገርኩት። አርባዎቹን ያለፈ፣ ሰፊ ባርኔጣ የሚያደርግ ሰው ነው።

"ወፍ ታውቃለህ?"

"የት እንደሚያርፉ አውቃለሁ።"

"ስማቸውንስ?"

"በካፊኖኖ።"

ሳቀ። "ይበቃል፤ የላቲኑን እኔ እላለሁ። ግባ።"

ፕሮግራሙ ሦስት ቀን ነበር፤ ጠዋት ወፍ፣ ከሰዓት ጥንታዊ ቦታ። የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ማንኪራ ጫካ ውስጥ አሳለፍን። ፈረንጆቹ እያንዳንዳቸው የታተመ ዝርዝር ይዘዋል። ወፍ ሲያዩ በባይኖክላር ትንሽ ይቆዩና ከስሟ ፊት ምልክት ያደርጋሉ፤ ምልክት ከተደረገባት በኋላ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ከሰዓት የካፋ ነገሥታት ጠላት እንዳይሻገር ያስቆፈሩትን ጥልቅ ቦይ አሳየናቸው። አፈር እየሞላው፣ ቁጥቋጦ እየበቀለበት ጥልቀቱ በግማሽ ቀንሷል። አስጎብኚው አፋፉ ላይ ቆሞ ስለ ንጉሥና ስለ ጦር ያወራል። ከፈረንጆቹ አንዷ፣ በትር የምትመረኮዝ ረጅም ሴትዮ፣ ቦዩ ግድግዳ ላይ ያለ የወፍ ጉድጓድ ነበር የምታየው። እኔም እሱኑ ነበር የማየው፤ ዓይናችን ተጋጨና ፈገግ አለችልኝ። የምንግባባበት ቋንቋ ስላልነበረን በዚያው ቀረ።

ሁለተኛው ቀን ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ጥሩ ዋልን። ማታ አስጎብኚው እራት ጋበዘኝና፣ "እዚህ ቋሚ ሰው እፈልጋለሁ" አለኝ። "በዓመት አራት አምስት ቡድን አመጣለሁ። አንተ ወይም ሌላ ልጅ። ነገን ልየውና እወስናለሁ።"

በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሚጠብቀኝ ሰው ሊኖር ነው ብዬ አሰብኩ። በዓመት አራት አምስት ጊዜ፣ "የት ደረስክ?" የሚለኝ ሰው።

ሦስተኛው ቀን ተበላሸ። ጫካውን ጭጋግ ሸፈነው፤ እስከ ረፋዱ አንድ ምልክት የተደረገባት ወፍ የለችም። አስጎብኚው ጊዜ እንዳይባክን ብሎ የከሰዓቱን ጉብኝት አስቀደመና ወደ ድሮው ቤተ መንግሥት ቦታ ወሰደን። ቤተ መንግሥቱ የእንጨትና የቀርከሃ ስለነበር ሲቃጠል የተረፈው ነገር የለም ይባላል። ያለው ገላጣ ሜዳ፣ ትላልቅ ዛፎችና ሣር የዋጣቸው ጥቂት ድንጋዮች ናቸው። አንደኛው ፈረንጅ ግራና ቀኝ ካየ በኋላ አንድ ነገር ጠየቀ።

"ፍርስራሹ የት ነው ይላል" አለኝ አስጎብኚው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ላዩ ላይ ቆሟል በለው።"

አልሳቀም። "ቀልድ አልጠየቅኩህም። የሆነ ነገር አሳየኝ፤ ሰዎቹ ሰለቻቸው።"

ጭጋጉ እየሳሳ ነበር። ከሜዳው ማዶ ባሉት ዛፎች ውስጥ ንብ እንዳለ አውቃለሁ። የሽማግሌው ቃልም ትዝ ብሎኛል፤ አልረሳሁትም። እያስታወስኩት ነው ምላሴን ከጥርሴ አጣብቄ ያፏጨሁት።

በሦስተኛው ፉጨት መጣች። ከራሳችን በላይ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ አርፋ የክብሪት ቀፎ ሲንቋቋ የመሰለ ድምፅ አሰማች። ሄድ ብላ ጅራቷን ዘርግታ አሳየች፣ ተመልሳ መጣች፣ ደግሞ ጠራች። ፈረንጆቹ በሹክሹክታ እየተጠራሩ ካሜራቸውን አወጡ። አስጎብኚው ትከሻዬን ያዘኝ። "ከየት አመጣሃት?" አለ። ከትምህርት ቤት ወዲህ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ፎቶ አነሱ። ዝርዝራቸውን አውጥተው ምልክት አደረጉ። ከዚያ አስጎብኚው ሰዓቱን አየና ለምሳ ወደ መኪናው መራቸው።

ወፏ ተከተለችን። ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች፣ ቀድማን እያረፈች፣ ወደ ጫካው በረር ብላ እየተመለሰች። በትር የያዘችው ሴትዮ ቆመችና አንድ ነገር አለች።

"ምን ፈልጋ ነው የምትከተለን ትላለች" አለኝ አስጎብኚው። በዓይኑ መኪናውን እያሳየኝ ነበር።

ልነግራት እችል ነበር። ማር ልታሳየን ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው ብል እሷ በበትሯም ቢሆን ትሄድ እንደነበር አሁንም አምናለሁ። ግን ሥራውን ፈለግኩ።

"ምንም አትፈልግም" አልኩ። "ዘፈኗ ነው።"

ሴትዮዋ ራሷን ነቅንቃ ወፏን እንደገና አየቻት። የመኪናው በር እስኪዘጋ ወፏ እየጠራች ነበር።

ስንለያይ አስጎብኚው የስልክ ቁጥሬን ጻፈ፤ የጎረቤቴ ሱቅ ስልክ ነው። "ኅዳር ላይ እደውላለሁ። ያቺን ወፍ ፕሮግራም ውስጥ አስገባታለሁ፤ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ሃያ ደቂቃ።"

ለሽማግሌው በዚያው ቀን ነገርኳቸው። ሥራ ማግኘቴን ነበር መጀመሪያ የተናገርኩት። ቀጥሎ እንዴት እንዳገኘሁት። ገመድ እየገመዱ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

"እስከ የት ተከተለችህ?"

"እስከ መኪናው።"

"እየጠራች?"

"እየጠራች።"

አልተቆጡም። ተነስተው ጓዳ ገቡና በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ሰፈፍ አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። "ነገ ውሰድላት" አሉና ገመዳቸውን ቀጠሉ። የዚያን ቀን ግጥም አንብብልኝ አላሉኝም። በሚቀጥለውም ሳምንት አላሉኝም፤ እኔም ደብተሬን ይዤ መሄድ አፈርኩ።

በነጋታው ለብቻዬ ሄድኩ። ሰፈፉን አንዱ የቤተ መንግሥት ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ከንፈሬ እስኪደርቅ አፏጨሁ። አልመጣችም። ጉንዳን መጣ።

ኅዳር ላይ የሱቁ ባለቤት በሩ ላይ ሆኖ፣ "አንተ፣ ከአዲስ አበባ ትፈለጋለህ" ብሎ ጮኸ። አስጎብኚው ነበር፤ ስድስት ሰው ይዞ እየመጣ ነው።

"ወፏ ተዘጋጅታለች?" አለ እየሳቀ።

"ከተጠራች መከተል አለብን" አልኩት። "ማሩ እስኪወጣ መጠበቅም አለ። ምናልባት ሁለት ሰዓት።"

"ሁለት ሰዓት? ወንድሜ፣ ከሰዓት ጅማ እገባለሁ እኮ። ጥራት፣ ያንሷት፣ በቃ።"

"እንደዚያ አልጠራትም።"

"የምትሠራው ለእኔ ነው ለወፏ?"

"እንግዲህ አስብበት" አለና አስጎብኚው ስልኩን ዘጋው። ባለሱቁ፣ "ሥራ ነው?" አለኝ። "ነበር" አልኩት።

የመጡ ዕለት መኪናቸው ባጃጅ ተራው ጋ ሲያልፍ አየሁት። አስጎብኚው ባርኔጣውን አድርጎ ከፊት ተቀምጧል፤ አላየኝም፣ ወይም አይቶኝ አልፏል። ሌላ ልጅ ከኋላ ነበር።

ሳምንት ቆይቼ፣ ሄደዋል ብዬ ሳስብ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ቦታ ወጣሁ። አላፏጨሁም። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ደብተሬን ሳወጣ ከበላዬ ያ የክብሪት ድምፅ መጣ። እሷ ራሷ ትሁን ሌላ አላውቅም። ተነሳሁ። በረረች፣ ተከተልኩ። ሜዳውን አቋርጠን ዛፎቹ ውስጥ ገባን፣ በተደረመሰው ቦይ ወርደን በማዶው ወጣን፤ እሾህ ሸሚዜን ቀደደው። አንድ ሸምገል ያለ ግዙፍ ዛፍ ጋ ስትደርስ ዝም አለች። ስትደርስ ዝም እንደምትል ሽማግሌው ነግረውኝ ነበር። ቀና ስል፣ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ባለ ስንጥቅ ንቦቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

እሳት አልያዝኩም። መጥረቢያ አልያዝኩም። ዛፍ መውጣትም በደንብ አልችልም። በእጄ ያለው ደብተርና እስክሪብቶ ነበር። ወፏ ከታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ሆና ታየኛለች፤ እኔም አያታለሁ።

ከዚያ ዛፉን በደንብ አይቼ፣ በየት በኩል እንደመጣሁ ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ እየሮጥኩ ወደ ሽማግሌው ቤት ወረድኩ። በሩ ዝግ ነበር። ልጃቸው ከውስጥ ወጥታ፣ "ማንኪራ ሄደዋል፤ ቀፎ ሊሰቅሉ" አለችኝ።

"መቼ ይመለሳሉ?"

"አልነገሩንም" አለች።

ደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ።