የማዳሌና አራት መስመር

ለሥራ ልጠየቅ የሄድኩ ዕለት ፓርኪንግ ፍለጋ ፌርፋክስ ጎዳናን ስዞር ቆይቼ አርፍጄ ገባሁ። ቢሮው ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ያለች ክፍል ናት። ጋሼ ሙላቱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጠበቁኝ። በወጣትነታቸው ጣሊያን አገር ሥዕል ተምረዋል፤ እዚህ ስደት አገር ግን በፓርኪንግ ሥራ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። አሁን አንድ የጥንት የጣሊያንኛ መጽሐፍ በአማርኛ ማሳተም አምሯቸዋል። እኔ ዌስትቼስተር ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን ነበርኩ፤ ጣሊያንኛውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ትምህርት ቤት ነው።

“ጣሊያንኛሽ እንዴት ነው?” አሉኝ።

“እንግዳ ለመቀበል ይበቃል።”

“ኦኬ፣ እነዚህም እንግዶች ናቸው፤ ሞተዋል እንጂ” ብለው ሳቁ። ተቀጠርኩ።

የመጽሐፉ ጸሐፊ የደቡብ ጣሊያን ሰው ነው። የሰሜኖቹ ጸሐፊዎች የራሳቸውን ሠዓሊዎች ሲያወድሱ የእሱን አገር ሰዎች ዘለሏቸው። ተናደደ። ከመንደር መንደር እየዞረ፣ ቄሱንም ጎረቤቱንም እየጠየቀ የተረሱትን ሠዓሊዎች ሕይወት ጻፈ። አንደኛው የመልአክ ክንፍ አይቶ ለመሳል የጎረቤቱን ዝይ ሰርቆ ተከሷል። እሱን ስተረጉም ብቻዬን ስስቅ ነበር።

እኔ ተርጉሜ እልካለሁ፤ ጋሼ በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ፤ ረቡዕ ረቡዕ ተገናኝተን ጮክ ብለን እናነባለን። ጆሮ ያልተቀበለው ዓረፍተ ነገር እንደገና ይሠራል።

ከዚያ ማዳሌና ጋ ደረስን። ጸሐፊው የሰጣት አራት መስመር ብቻ ነው። የሠዓሊ ልጅ ነበረች። ጎረቤቶቿ ከአባቷ ትበልጥ ነበር ይላሉ። ጸሐፊው ሥራዋን ፈልጎ አላገኘም። መቼ እንደሞተች የሚያውቅ የለም።

“ትንሽ አስፊያት እንጂ” አሉ ጋሼ ሙላቱ። “ፍቅር ስጪያት። ከአባቷ ጋር አጣያት።”

“ጋሼ፣ እሱ ያልጻፈውን እኔ ከየት ላምጣው?”

“ሶ እንሰርዛት። አንባቢ ምን ታደርግለታለች?”

“እሷ ከወጣች የእኔም ስም ይውጣ።”

የመጀመሪያ መጽሐፌ ነበር፤ ስሜን ሽፋኑ ላይ ለማየት እንዴት ጓጉቼ እንደነበር! እሳቸው እስክሪብቶውን ከደኑ። ቫን ናይስ ቤቴ እስክደርስ ፍሪዌይ ላይ ከራሴ ጋር እየተከራከርኩ ድራይቭ አደረግኩ።

በማግስቱ ደወሉ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

“ጣሊያን ሳልሄድ፣ አዲስ አበባ ሥዕል ስንማር ጸሐይ የምትባል ልጅ ነበረች። እጇ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። ትናንት ስለሷ ልጽፍ ቁጭ አልኩ፤ ሦስት መስመር ላይ አለቀብኝ።”

የማዳሌናን ገጽ ፈልጌ አወጣሁ።

“ማዳሌና ትቀመጥ” አሉ። “እንዳለች።”

መጽሐፉ ሲመረቅ ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሼ ሙላቱ ስለ ጸሐይ የጻፏትን ሦስት መስመር መግቢያው ላይ አሳትመዋት ነበርና አነበቧት። ከዚያ ቀና ብለው፣ “ከዚህ በላይ አላውቅም፤ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ” አሉ።

ከኋላ አንዲት ጠና ያሉ ሴት እጃቸውን አነሱ። “ጉለሌ ጎረቤታችን ነበረች። እናቴ በሩን ቀለም ቀቢልን ብትላት፣ ወፍ በወፍ አድርጋው ሄደች።”

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋሼ ሙላቱ አልሳቁም፤ ማይኩን ለእኔ ሰጥተው፣ በሰዎቹ መሃል እየተጋፉ ወደ ሴትዮዋ ሄዱ። አጠገባቸው ተቀምጠው፣ “ምን ዓይነት ወፍ?” ሲሉ ሰማኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች መጻሕፍትም ተርጉሜያለሁ። ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው፦ ስለ ሰው ስትጽፉ የማታውቁትን አላውቅም በሉ፤ የምታውቁትን ግን፣ ትንሽም ብትሆን፣ ጻፏት።